ከአዝማቹ በፊት የሚነገረው ቁጥር፦ የመንሲ ሴት እስረኞች ዜማ ቀረጻ ሲመዘን

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ከፊላዴልፊያ ከተማ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ የሚደረስበት መንሲ የሚባል የሴቶች ማረሚያ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚህ ማረሚያ ቤት ውስጥ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው አሥር ሴቶች አንድ ላይ ቆመው የዘፈኑት ዜማ በቪዲዮ ተቀርጾ ለሕዝብ ቀርቧል። ቀረጻው የተካሄደው በዓለም ዙሪያ በሚታወቀው በቴድ የንግግር መድረክ ስም፣ ነገር ግን በገለልተኛ አዘጋጆች አማካይነት፣ በዚያው በማረሚያ ቤቱ ቅጥር ግቢ በተሰናዳ መድረክ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በስተቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቡድኑ ስም «ሌዲ ላይፈርስ» ነው። «ላይፈር» ማለት በእስር ቤቱ አነጋገር ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ማለት ሲሆን፣ ሴቶቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ከፊቱ «ሌዲ» የሚለውን የአክብሮት ቃል ማስቀደማቸው በራሱ የዜማው የመጀመሪያ ስንኝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዜማው ርእስ በአማርኛ «ይህ ቤታችን አይደለም» ማለት ነው። ርዝመቱ አሥር ደቂቃ አይሞላም፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም፤ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሊያገኘው ይችላል። ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚጎድለው እንደ ማንኛውም የሙዚቃ ሥራ መዝኜ ለመጻፍ የፈለግሁት፣ ቪዲዮውን የሚያጋሩኝ ሰዎች «ያስለቅሳል» ከማለት አልፈው ስለ ሥራው ጥራት ሲናገሩ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው። ማስለቀስ ብቻውን የጥራት መለኪያ አይደለም፤ ሽንኩርትም ያስለቅሳል።

በእኛ ዘንድ ሰው ብሶቱን በድምፅ የሚያወጣባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ለዚህ ግምገማ ሁለቱ ይበቁኛል። አንደኛው እንጉርጉሮ ነው፤ ሴት ወፍጮ ስትፈጭ ወይም ጥጥ ስትፈትል፣ እረኛ ከብቶቹን ሲጠብቅ፣ ለብቻ ሆኖ ለራስ የሚወርድና ሰሚ የማይጠይቅ ዜማ ነው። ሁለተኛው አቤቱታ ነው፤ በቀድሞው ዘመን ከቤተ መንግሥት ደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል የነበረ ባለጉዳይ ድምፁ ቢያምርም ባያምርም ሰሚ ካላገኘ ጩኸቱ ከንቱ ነበር። የመንሲ ሴቶች ሥራ በእንጉርጉሮ ተጀምሮ በአቤቱታ የሚያልቅ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ እንጉርጉሮው መልካም ነው፣ ተመሳሳዩን ግን ሌላ ቦታም እናገኛለን፤ አቤቱታው ግን ከዚህ በፊት በየትኛውም የቡድን ዜማ ላይ ያልሰማሁት ነገር ነው።

ወደ ዜማው ከመግባቴ በፊት «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል ሴቶቹ በሚሰሙት ትርጉም መስማት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሥራው ግማሽ ያመልጠናል። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ሃያ ዓመት ከታሰረ በኋላ፣ ጠባዩን ማረሙና የበደለውንም በአቅሙ መካሱ ከታየ፣ በአመክሮ የሚፈታበትን በር ክፍት ትቶለታል። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር የይቅርታ ዝርዝር የሚጠባበቅ ቤተሰብም በየሰፈሩ አይጠፋም። ስለዚህ በአማርኛ «ዕድሜ ልክ ተፈረደባት» ሲባል ጆሯችን በውስጡ «ሃያ ዓመት» የሚል ትርጉም ይዞ ይሰማል። በፔንሲልቬንያ እንዲህ አይደለም። በዚያ ግዛት ለዕድሜ ልክ እስረኛ አመክሮ የሚባል ነገር የለም፤ የተፈረደባት ሴት በሌላ መንገድ ካልተፈታች ከዚያ የምትወጣው በሬሳ ሣጥን ነው።

ይህ ቅጣት የሚፈረደው አስባና አቅዳ በገደለች ሴት ላይ ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ሴቶቹ በዘፈኑበት ጊዜ የግዛቲቱ ሕግ «ሁለተኛ ደረጃ ግድያ» የሚለው ወንጀል፣ ለምሳሌ በዘረፋ ላይ ሰው ሲሞት፣ መሣሪያ የያዘውን ብቻ ሳይሆን በር ላይ ቆማ የጠበቀችውንና መኪና የነዳችውንም በአንድ ገመድ አስሮ ዕድሜ ልክ ያስፈርድ ነበር። ዳኛው የእያንዳንዱን ድርሻ መዝኖ ቅጣቱን ማቅለል አይችልም ነበር፤ ሕጉ አማራጭ አልሰጠውም። በዚያን ጊዜ በማንኛውም ወንጀል አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው የታሰሩት በግዛቲቱ በጠቅላላ ከ5,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ሴቶቹ 200 ያህል ነበሩ።

የሚቀረው ቀዳዳ የቅጣት ማቅለል ነው። ጥያቄው አምስት አባላት ላሉት የይቅርታ ቦርድ ይቀርባል፣ ቦርዱ ከተስማማ ወደ ገዢው ይሄዳል፣ ገዢው ከፈረመ እስረኛዋ ትወጣለች። በ1970ዎቹ ገዢ የነበሩት ሚልተን ሻፕ የ251 ሰዎችን የዕድሜ ልክ ቅጣት አቅልለው ነበር። በ1994 ግን ቅጣቱ ተቃልሎለት የወጣ አንድ ሰው እንደገና ሰው በመግደሉ ጉዳዩ የምርጫ ዘመቻ ዋና መነጋገሪያ ሆነ፤ በ1997ም ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፣ ለዕድሜ ልክ እስረኛ ከአምስቱ አባላት አምስቱም ካልተስማሙ ጥያቄው ወደ ገዢው እንዳያልፍ ተደረገ። አንድ ሰው «አይሆንም» ካለ አለቀ። ሴቶቹ በ2014 ሲዘፍኑ በሥልጣን ላይ የነበሩት ገዢ ቶም ኮርቤት ለአንድም የዕድሜ ልክ እስረኛ አልፈረሙም ነበር። በቪዲዮው መክፈቻ ላይ ከሴቶቹ አንዷ ወደ ፊት ወጥታ፣ ከ1989 ወዲህ ይህ ዕድል ያገኙት ሴቶች ሁለት ብቻ መሆናቸውን በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ትናገራለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ የባንክ ሠራተኛ ቀሪ ሂሳብ እንደምትናገር አድርጋ ነው የምትናገረው። ይህ መግቢያ አጭር በመሆኑ፣ ከላይ የጻፍሁትን የሕግ ታሪክ የማያውቅ አድማጭ ክብደቱን ሳይሰማው ሊያልፈው ይችላል፤ ነገር ግን ንግግሩ ረዝሞ ቢሆን ኖሮ ዜማው ንግግሩን ለማስዋብ የገባ ይመስል ነበርና፣ አጭር ማድረጋቸው ትክክል ነው እላለሁ።

ከዚያ ዜማው ይጀምራል። አንዲት ሴት ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ሌላዋ ታወጣለች። መዝሙር ልበለው ወይስ ዘፈን የሚለው አስቸግሮኛል፤ አማርኛችን ለመንፈሳዊውና ለዓለማዊው ሁለት የተለያዩ ቃላት ስላለው አንዱን መምረጥ ግድ ይላል፤ ይህ ሥራ ግን በአዘፋፈኑ የጥቁር አሜሪካውያንን የቤተ ክርስቲያን ኳየር እያስታወሰ፣ በጉዳዩ ግን በዚህ ዓለም ሕግ ላይ የቆመ በመሆኑ በሁለቱ መካከል ይቀራል። እኔ «ዜማ» በሚለው ቃል ተሸሽጌ አልፌዋለሁ።

የዜማው አካሄድ ቀላል ነው። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። ድምፃቸው በትምህርት ያልተገራ፣ በዕድሜም የተራራቁ፣ እንደ ማንኛውም እስረኛ በተፈቀደላቸው ሰዓትና ቦታ ብቻ የሚሰበሰቡ ሴቶች አንድ ላይ ሊሸከሙት የሚችሉት ዜማ መሆን ነበረበት፤ ሆኗልም። አዝማቹ ከፍ ያለ ድምፅ የሌላትን ሴት አያሳፍርም፣ ከፍ ያለ ድምፅ ያላትንም አያፍናትም። የድምፅ ሥልጠና የወሰደ ጆሮ አንዳንድ ቦታ ላይ መሳሳብ ይሰማል፤ አንዷ ቀደም ስትል ሌላዋ ትዘገያለች። በስቱዲዮ ቢሆን ይህ ይስተካከል ነበር። እዚህ ግን የእያንዳንዷ ድምፅ ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል መሰማቱ፣ በኋላ ለሚመጣው ክፍል ጠቃሚ ሆኖ እናገኘዋለን።

ስንኞቹን ስመዝናቸው ግን እኩል አይደሉም። ስለ ግንብና ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ቤተሰብ ናፍቆትና ስለ ባከነ ወጣትነት የሚናገሩት ስንኞች እውነት ናቸው፤ ይሁን እንጂ ማንኛዋም እስረኛ በየትኛውም አገር ልትላቸው የምትችላቸው ናቸው። ትዝታ ላደገበት የአማርኛ አድማጭ ደግሞ የናፍቆት ስንኝ ብርቁ አይደለም፤ እኛ ጋ ለናፍቆት የሚሰጠው ቃል ከዚህ የጠለቀ፣ ሰሙና ወርቁ የተነባበረ ነው። ከዚህኛው የዜማው ክፍል ጎልቶ የቀረኝ አንድ ቦታ ነው፤ እሱም አንዷ ሴት ራሷን ከመልአክም ከሰይጣንም መካከል የምታስቀምጥበት ነው። ንጹሕ ነኝ አላለችም። ጥፋተኛ ብቻ ነኝም አላለችም። ፍርድ ቤት «ጥፋተኛ» ወይም «ነጻ» ከሚሉት ከሁለቱ ቃላት ውጭ ሦስተኛ ቃል የለውም፤ ዜማው ግን ለዚያ ለሦስተኛው ቃል ቦታ አግኝቶለታል።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ ይህ ግምገማ የተጻፈው በዋናነት ለእሱ ነውና። ዜማው ሊያበቃ ሲል ሴቶቹ ተራ በተራ መናገር ይጀምራሉ። እያንዳንዷ ስንት ዓመት እንደታሰረች፣ የት ተወልዳ እንዳደገች ትናገርና በአንድ ዓይነት ቃል ትዘጋለች፦ ይህ ቤቴ አይደለም። አንዷ ፊላዴልፊያ ነው የተወለድሁት ትላለች፣ ሌላዋ የሰሜን ካሮላይናን አንዲት ትንሽ ከተማ ትጠራለች። ከመካከላቸው አንዷ የታሰረችው ከ14 ዓመቷ ጀምሮ መሆኑንና 37 ዓመት መሆኗን ትናገራለች። ማንም ወንጀሉን አይዘረዝርም፣ ማንም አይማጸንም፣ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ቁጥር፣ የቦታ ስም፣ ከዚያ ያው አዝማች፤ ቁጥር፣ የቦታ ስም፣ ያው አዝማች።

በሙዚቃ ዓይን ሲታይ ይህ ብልህ አሠራር ነው። አዝማች በተለመደው ዜማ ላይ ሲደጋገም ይለሰልሳል፤ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ አፋችን ላይ ስለሚገኝ ትርጉሙን መስማት እናቆማለን። እዚህ ግን ከአዝማቹ በፊት የሚመጣው ቁጥር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አዝማቹም በየጊዜው አዲስ ክብደት ይዞ ይመጣል። ቃሉም አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ በአሥር የተለያዩ አፎች ሲነገር፣ የመጀመሪያዋ እንደ ማስታወቂያ፣ አራተኛዋ እንደ ክርክር፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ እንደ መሐላ ይሰማሉ። እንጉርጉሮው አቤቱታ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ አቤት ባይ ከነማስረጃው ቆሟልና። የትውልድ ቦታ መጠራቱም የዋዛ አይደለም፤ በሠላሳና አርባ ዓመት እስር ውስጥ ሰው አድራሻው የማረሚያ ቤቱ የፖስታ ሣጥን ሆኖ ስለሚቀር፣ የከተማዋን ስም በአደባባይ መጥራት «መነሻ አለኝ» ማለት ነው።

ይህን ቪዲዮ ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ዜማው ሲወርድ ቡናዋን እየጠጣች በዝምታ አዳመጠች፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ስኒውን አስቀመጠችና «ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። ወደ ኋላ መለስ አድርጌ የእያንዳንዷን ቁጥር ተረጎምሁላት። በ14 ዓመቷ የታሰረችው ላይ ስንደርስ «ቆይ አስቲ» ብላ አስቆመችኝና በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ «አሥራ አራትና ሠላሳ ሰባት… ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው ማለት ነው» አለች። ጥቂት ቆይታ «እማዬ፣ ልቀጥለው?» ስላት፣ «እናቷ ትኖር ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ከቀረጻው ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁም። ቋንቋውን የማታውቅ ሴት ወደ ዋናው ጉዳይ በቀጥታ እንድትደርስ ያደረጋት ግን የዜማው ቅርጽ ነው፤ የአንድ ሥራ ቅርጽ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገውም።

ስለ ልጅቷ የሕግ ሁኔታ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀረጻውን በምን ሰዓት ላይ እንደምንሰማው ያሳየናልና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች በነበረበት ጊዜ ጥፋት በፈጸሙ ልጆች ላይ አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ በግዴታ እንዳይፈረድ ወሰነ። የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2013 ይህ ውሳኔ ቀድሞ የተፈረደባቸውን አይመለከትም አለ። ሴትዮዋ በ2014 መድረኩ ላይ ቆማ ቁጥሯን ስትናገር በእነዚህ በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነበረች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ውሳኔው ወደ ኋላም ተመልሶ እንዲሠራ እስኪወስን ድረስ ለእሷና ለመሰሎቿ የተከፈተ በር አልነበረም። ለአዋቂዎቹም ቢሆን ነገሩ በኋላ ትንሽ ፈቀቅ ብሏል፤ ገዢ ቶም ዎልፍ በሥልጣን ዘመናቸው 50 ገደማ የዕድሜ ልክ ቅጣቶችን ያቀለሉ ሲሆን፣ በ2019 የሁለት ሴቶች ፍርድ ሲቃለል ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የቆየው የሴቶቹ በር ተከፈተ። ከሁለቱ አንዷም ከወጣች በኋላ ሌሎች እስረኞች ማመልከቻቸውን እንዲያዘጋጁ በሚረዳ የመንግሥት ቢሮ ተቀጥራ ሠርታለች። ቪዲዮው ግን እዚያው 2014 ላይ የቆመ ነው፤ ዛሬ የሚያየው ሰው አሥሩንም ሴቶች በዚያው ረድፍ ላይ እንደቆሙ አድርጎ ያስባቸዋል። ስለዚህ ቪዲዮውን የምታጋሩ ሰዎች ቀኑን አብራችሁ ብትጽፉ መልካም ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልለፍ። የመጀመሪያው የመድረኩ ጉዳይ ነው። ቴድ የሚባለው መድረክ ተናጋሪ ገብቶ፣ አድማጭን አነቃቅቶ፣ ተጨብጭቦለት የሚወጣበት ሥርዓት ነው፤ ይህ ሥርዓት ለሌላ ነገር ቢስማማም ለዚህ ዜማ ጠባብ ልብስ ሆኖበታል። ሥራው እንዳለቀ ወዲያው ጭብጨባው ይመጣል። ጭብጨባው ከልብ የመነጨ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን አቤቱታ ለተናገረ ሰው ጭብጨባ መልስ አይደለም፣ ዝምታ ይሻላል። በቀረጻ ጊዜ መከልከል ባይቻል እንኳ፣ በአርትዖት ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ጸጥታ ማስገባት ይቻል ነበር።

ሁለተኛውና ከባዱ የሟቾቹ ጉዳይ ነው። ዕድሜ ልክ የሚያስፈርድ ወንጀል በአብዛኛው ሰው የሞተበት ነው፤ በዚህ ቀረጻ ውስጥ ግን ሟቾቹ ስም ቀርቶ ጥላ እንኳ የላቸውም። ወገኑ የተገደለበት ሰው ይህን ቪዲዮ ቢያይ «የእኔዋስ ልጅ ቤቷ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? በእኛ ልማድ የደም ነገር በሽማግሌ ሲታይ ገዳይ ወገን መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ሟች ነው፤ ስለ ራሱ የሚናገርበት ተራ በኋላ ይመጣል። ይህን ስል ሴቶቹ አልተጸጸቱም ማለቴ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት አጭር ሥራ ላይ ሁሉንም መሸከም እንደማይቻል እረዳለሁ፤ በመግቢያው ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ስለ ሟቾቹ ብትነገር ግን ዜማው የሚደመጥበት ጆሮ ይሰፋ ነበር እንጂ አይጠብም ነበር።

ለንጽጽር ያህል ሌላ ሥራ ልጥቀስ። በማላዊ ከዞምባ ማረሚያ ቤት እስረኞችና ጠባቂዎች የተቀረጸና በ2015 የወጣ አልበም አለ፤ በ2016ቱ የግራሚ ሽልማት በዓለም ሙዚቃ ዘርፍ ታጭቶ፣ ለማላዊ የመጀመሪያው እጩ ሆኗል፤ ሽልማቱን በመጨረሻ የወሰደችው የቤኒኗ አንጀሊክ ኪጆ ናት። ማረሚያ ቤቱ ለ340 ሰው ተሠርቶ ከ2,000 በላይ ሰው የሚኖርበት ነው። ቀራጩ ኢያን ብሬናን እንደተናገረው፣ ወንዶቹ መሣሪያና ባንድ ሲኖራቸው ሴቶቹ ምንም አልነበራቸውም፤ ዘፋኞች አይደለንም፣ ዜማ አንደርስም ብለውም ነበር። አንዲት ሴት ደፍራ ስትጀምር ግን ሌሎቹ ተከታትለው መጡ። በዚያ አልበም ውስጥ የሴቶቹ ድምፅ እንጉርጉሮ ሆኖ የቀረ ነው፤ አጫጭር፣ ብዙዎቹ ያለ ማጀቢያ፣ ከግድግዳ ጋር የሚነጋገሩ የሚመስሉ። በሙዚቃነት ብቻ ካወዳደርኋቸው ዞምባን እመርጣለሁ፤ ድምፁ የጠራ ነው፣ የሚያጨበጭብ የለም፣ ዜማዎቹም የማንንም መድረክ ሥርዓት አልለበሱም። ሌላም ብልጫ አለው፤ አልበሙ የሚገዛ በመሆኑ ከገቢው ከፊሉ ለእስረኞቹ የሕግ ድጋፍ ውሎ የተፈቱ ሴቶች አሉ። የመንሲው ቪዲዮ ነጻ ነው፤ ነጻ መሆኑ ለአድማጭ ይጠቅማል፣ ልቡ የተነካ ሰው እጁን የሚዘረጋበት ቦታ ግን ከቀረጻው ጋር ተያይዞ አልቀረበለትም። ይሁን እንጂ ከዞምባው አልበም ጥቂት ቀን ቆይቶ ከአእምሮዬ የቀረው ድባቡ ሲሆን፣ ከመንሲ የቀሩት ግን ቁጥሮቹ ናቸው፤ 37 የሚለውን ቁጥር አሁን በአውቶቡስ ላይ እንኳ ሳየው ያቺ ሴት ትታወሰኛለች።

ስለ ቦታውም ጥቂት ማለት ተገቢ ነው፤ መንሲ የተከፈተው በ1920 ለወጣት ሴቶች የሥራ ማሠልጠኛ ቤት ተብሎ ነው። በ1913 የወጣውና በስሙ ይጠራ የነበረው «የመንሲ ሕግ» ለሴቶች ጥቅም የተደነገገ እየተባለ ሴትን በተመሳሳይ ጥፋት ከወንድ ረዘም ላለ ጊዜ ሊያሳስር የሚችል ነበር፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1968 ነው። «ቤት» የሚለው ቃል ለዚህ ግቢ በሹማምንት የተሰጠው ስም ነበር ማለት ነው። ሴቶቹ ይህን ታሪክ አስበው ይሁን ሳያስቡ አዝማቻቸው የሚከራከረው ከዚያ ጥንታዊ ስም ጋር ነው።

ለማን ይሆናል? ለመዘምራን አሠልጣኞችና ለድራማ ክበብ መምህራን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ያልሠለጠኑ ብዙ ድምፆችን ይዞ አንድ አዝማች እንዴት ሳይሰለች አሥር ጊዜ እንደሚነገር የሚያስተምር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ለሕግ ተማሪዎችም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ለሚያነቡ ጽሑፉ ከቪዲዮው ጋር ይገኛል፤ ለማያነቡት ደግሞ አጠገባቸው ቁጥሮቹን የሚተረጉምላቸው ሰው ይበቃል። ሙዚቃን ለመዝናናት ብቻ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ ልጆች ባሉበት ከማየትም አስቀድሞ ለብቻ መስማት ይሻላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ማታ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ነበር። የመጨረሻዋ ሴት ተናገረች፣ ጭብጨባው ተከተለ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ ስልኬ ሳልጠይቀው ሌላ ቪዲዮ ከፈተልኝና የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ በጆሮዬ ውስጥ መጮህ ጀመረ። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት ተከታይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር የሚያደርገውን ምልክት አጥፉት።